የወረቀት ጉድጓድ

በሰሜን ጋና፣ በዛንግባላ፣ ቀን በወፍጮ ቤት እሠራለሁ፤
ማታ ማታ እዚያው ወፍጮ ሥር ፊደል አስቆጥራለሁ።
ዱቄቱ ከወለል ሳይጠረግ፣ ሞተሩ ሳይበርድ ገና፣
ሴቶቹ ደብተር በሻሽ ጠቅልለው ይመጣሉ በጎዳና።
እጃቸው የሺያ ቅቤ ነው፤ ገጹ ይወዛል፣ ያብለጨልጫል፤
ብዕሩ መስመር አይጠብቅም፣ በቅባቱ ላይ ያመልጣል።

አዙሚ ከሁሉም ትዘገያለች። አንዲት ቃል ለመጨረስ
ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ ምርት እንደሚያዘራ ሰው፣ ነፋስ እስኪመጣ ድረስ።
አንድ ማክሰኞ ከገበያ፣ ቅቤዋን ሸጣ ስትመለስ፣
በምክር ቤቱ ግድግዳ ላይ በምስማር ከተመታ ወረቀት ፊት ቆመች፣ ፀሐይ አናቷን እስኪጠብስ።
በጣቷ ተከተለች፦ "ዛን… ግባ… ላ።" የመንደሯን ስም አገኘች፤
ጠፍቶ እንደተገኘ ልጅ፣ ደግማ ደጋግማ ጠራች።
ቀጠለች፦ "የውኃ ጉድጓድ፣ አንድ። ተቆፈረ። ተጠናቀቀ።"
ከዚያ ወዲያ ቁጥር ነበር፤ ዜሮው ሳያልቅ ትንፋሿ አለቀ።

ማታ መጥታ ጠየቀችኝ፦ "መምህር፣ ይህ ቃል ምንድን ነው?"
"'ተጠናቀቀ'? አለቀ ማለት ነው።"
"እኛ የምንቀዳው ከብት ከሚዋኝበት ኩሬ ነው።
ታዲያ ያለቀው ምንድን ነው?"

ዝም አልኩ።

እውነቱን ልናገር፦ ያን ወረቀት ከአምና ጀምሮ አውቀዋለሁ፤
አንብቤ፣ መነጽሬን ጠርጌ፣ መንገዴን ቀጥያለሁ።
አቀላጥፌ ሳነብ፣ ዓይኔ እንደ ውኃ ላዩን አልፎት ኖሮ፤
የሚደናቀፍ ነው ለካ ድንጋዩን የሚያውቀው፣ በእግሩ ጣት ቆጥሮ።

"ዝም አይነቅዝም ይባላል" አልኳት፤ ፈሪ መቼም ተረት አያጣ።
ሳቀች። "ፍሬ አከማችተህ ታውቃለህ? ነቀዙስ ከየት መጣ?
ዝም ካለው ጎተራ ነው፣ ማንም ከማያገላብጠው፤
እጅ የሚመላለስበትን እህልማ ነቀዝ በየት ገብቶ ይብላው?"

ሽማግሌው ናፓሪ ደግሞ፣ የነገሥታቱን ሐረግ አዋቂ፣
ሉንጋውን ብብቱ ሥር ይዞ፣ ጅማቱን ሲጨብጠው ቆዳው እንደ ሰው ጠያቂ፣
ትምህርቱን ንቆ ቀርቷል። "ወረቀትማ ምስጥ ይበላዋል" ይላል።
ሄደችበት፦ "ያልተደረገውን ተደረገ ማለት ከበሮህ ያውቃል?"
"አንዴ የዋሸ ከበሮ" አለ፣ "ቆዳው በራሱ ይቀደዳል።"
"እንግዲያው ስማኝ" አለችው።
አነበበችለት፣ እየተደናቀፈች።
እሱ ዓይኑን ጨፍኖ በቃሉ ያዘው።

የምክር ቤቱ ሰው በመጣ ዕለት ወንበር ተደረደረ፣ ዳስ ተጣለ፤
ናፓሪ አባቱን፣ አያቱን ጠራለት፤ ሰውየው ደረቱን ነፍቶ ፈገግ አለ።
ከዚያ ምቱን ሳይቀይር፣ በዚያው ውዳሴ ውስጥ፦
"ጉድጓድ ቆፋሪው! ውኃው ጉሮሮ የማያርስ፣ አፉ የማይገለጥ!"

ማንም አልሳቀም። ሰውየው ሰዓቱን አየ።
በሳምንቱ ወረቀቱ ጠፋ፤ ምስማሩ ብቻ ታየ።
ግን በአሥራ ዘጠኝ ደብተር ሰፍሯል፣ በወዛ ገጽ፣ በጠማማ ፊደል፤
ላሚሲ አንድ ሆሄ ዘላ፣ ጉድጓዱ እዚያም ጎድሏል።

ተቆፈረ ወይ? አልተቆፈረም፣ እስከ ዛሬ።

ዓርብ ዓርብ ግን፣ ወረቀቱ "ከትምህርት ቤቱ በስተምሥራቅ" ባለው መሬት፣
ሴቶቹ ባዶ ባልዲ ይደረድራሉ፣ ወረፋ እንደሚጠበቅበት።
አዙሚ ከፊት ናት። ላሚሲ ልጇን አዝላ ትከተላለች።
ከትምህርት ቤቱ መስኮት ሕፃናት አንገታቸውን ያሰግጋሉ።
መንገደኛ ብስክሌቱን አቁሞ "ምን ትጠብቃላችሁ?" ሲል፣
"ያለቀውን" ይሉታል።

ትናንት ወፍጮውን በጊዜ ዘግቼ፣ የራሴን ባልዲ ይዤ ሄድኩ።
ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ከመጨረሻዋ ኋላ ቆምኩ።

ሃያኛ ነበርኩ።